ያልታጠፈችው ኳስ

ረቡዕ፣ የገና ዕለት

ኳሷ ይትባረክን ከጆሮው ከፍ ብላ አገኘችው። የወረወረው ወንድሜ አላምረው ነው። ይትባረክ ተንበረከከ፣ ወዲያው ተነሥቶ ሳቀ፤ ሰዉም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» እያለ ጨፈረ። እኔም ሳቅሁ። ምኑ ነው ያሳቀኝ?

የስፖርት መምህርት ነኝ። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ከገናው ጎን አንዱ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን ቤዝቦል ለመንደራችን ወጣቶች ላሳያቸው ብዬ ለትምህርት ቤታችን በስጦታ የመጣውን ኳስና ዱላ ይዤ ወጣሁ። ለአወራወሮቹ ስም ያወጣሁት እኔው ነኝ፦ በኃይል የምትመጣው ቀጥታ፣ የምትፈጥን መስላ የምትዘገየው አዘናጊ፣ ወደ ራስ መጥታ መጨረሻ ላይ ታጥፋ የምትወርደው ጥምዝ። ጀማሪ እንዳይደነግጥ ወርዋሪው አስቀድሞ ስሟን ይጥራ አልኩ። ጥምዝ ሲባል ደግሞ እንዳትሸሹ፣ ራሷ ትታጠፋለች ብዬ አስተማርኩ።

አላምረው «ጥምዝ!» አለ። ይትባረክ እንዳስተማርኩት ቀጥ ብሎ ቆመ። ኳሷ አልታጠፈችም።

ሐሙስ

ጧት የይትባረክ አባት ቄስ ሞላ ቤት ሄድኩ። ይትባረክ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሯል። ብርሃን ጠልቶ ነጠላ ተከናንቧል። በገና ተመትቶ አመመኝ ማለት እዚህ ነውር ነው፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

«አባ፣ አሁኑኑ ሐኪም ይየው» አልኩ።

«የገና ምት ነው ልጄ፣ ይሽራል» አሉኝ። ይትባረክም «እትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለኝ። እኔ ግን መለመኔን አልተውኩም።

ቀትር ላይ ሚስቱን በእናቱ ስም ጠራት። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የደነገጥነው። በባጃጅ ወረታ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር ሆስፒታል።

ዓርብ

አልነቃም።

ክረምት ላይ ጎርፉ የእኛንና የእነ ይትባረክን የሩዝ ማሳ ድንበር ጠርጎት፣ አላምረውና ይትባረክ ዱላ ተማዘው ነበር። ሽማግሌ አስታርቋቸዋል። ዛሬ ወሬው ሁሉ ያው ነው፦ «ጥምዝ ብሎ አቁሞት ቀጥታ ለቀቀበት።»

ከዚህ የባሰም ሰማሁ። «ለመሆኑ ይሄ ገና ነው? የፈረንጅ ኳስ አይደለም እንዴ!» ገና ከሆነ ምቱ ይቅር ይባላል። ገና ካልሆነና ይትባረክ ከሞተ ግን ደም ነው። ታላቅ ወንድሙ ጌጡ መንገድ ላይ ሰላም ስለው ፊቱን አዙሮብኝ አለፈ።

እናቴ አላምረውን ይፋግ ካለው አጎታችን ዘንድ ሂድ አለችው። «ከሸሸሁማ አጠፋሁ ማለቴ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጀግና ነው ስል በልቤ ኮራሁበት።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቄስ ሞላም ከደብረ ታቦር መጥተዋል፤ ዐይናቸው ደም መስሏል። ተነሥቼ አስረዳሁ። ጥምዝ ከጣት ካመለጠች አትታጠፍም፤ እንኳን ለአላምረው፣ እንጀራው ላደረገውም ታስቸግራለች አልኩ።

«እንግዲያውስ ይወርውርና እንይ» አሉ ቄስ ሞላ።

ጭድ የተሞላ ጆንያ ግንድ ላይ ታሰረ። አላምረው ከልጅነቱ ጀምሮ በወንጭፍ ከሩዝ ማሳ ወፍ ሲያባርር ያደገ ነው፤ ክንዱን አውቀዋለሁ። ወረወረ፤ ታጠፈች። ደገመ፤ ታጠፈች። ቀስ በል ልለው ፈለግሁ፤ በሰው ፊት እንዴት ይባላል? አንዷ እንኳ ሳትታጠፍ እንድትቀር ተሳልኩ። ሁሉም ታጠፉ፤ እያማሩም ሄዱ። መጀመሪያ የሚያጉረመርመው ሰው ኋላ «ታዲያ የገና ዕለት እንዴት አመለጠችው?» ይባባል ጀመር።

ጌጡ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና ሄደ። ቄስ ሞላ «በቃ፣ አይተናል» ብቻ አሉ።

እናቴ በሩን ከውስጥ በግንድ ደግፋ አደረች።

እሑድ

ነቃ! ከቅዳሴ ስንወጣ ነው ከደብረ ታቦር የተደወለው። ውኃ ጠይቋል፣ ሚስቱን በስሟ ጠርቷል። መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማታውኑ ወደ ልጃቸው ተመልሰው ነበርና፣ ቄስ ሞላ ራሳቸው ስልክ ላይ መጡ። «ይትባረክ ገና ነው የተጫወትነው፣ አላምረውን ማንም እንዳይነካው ብሏል። ለጌጡም ነግሬዋለሁ። በይ ለወንድምሽ አብሥሪው።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። አላምረው ከጓሮ ለበሬዎቹ የሩዝ ገለባ ይሰጣል። እያለከለክሁ ነገርኩት። ተመስገን ይላል፣ ያቅፈኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ቀና ሳይል፣ «ምን ምን ያስታውሳል?» አለኝ።

አላውቅም ብዬው ገባሁ። እናቴ እልል ትላለች። እኔ ወንድሜን ፈራሁት።