የጣርማ በር በግ ጸጉርና የእናትህ ጥያቄ

ደጄ፣ የልጄ አባት፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ መጀመር ከበደኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቀው ነው። ማርታ ግን አድጋለች፤ የገዛሁላት ጫማ ሁሉ ቶሎ ይጠባታል። እኔም ተማሪ ሆኛለሁ። አትሳቅ። ቅዳሜና እሁድ በዓለም አቀፍ ንግድ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው።

ሰዉ ምን አገባሽ ይለኛል። ከጅቡቲ ስትመለስ ደብረ ሲና ላይ የጭነት መኪናህን አቁመህ ትደውልልኝ የነበረውን ለማን ልንገር? "ኮንቴይነሩ እንደታሸገ ነው፤ ምን ይኖረዋል ትያለሽ?" ትለኝ ነበር። እኔ ሩዝ ስል፣ አንተ የስፌት መኪና ስትል፣ ካርድህ እስኪያልቅ እንከራከራለን። ዕቃ ከየት ተነስቶ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ማሰብ የለመደብኝ ያኔ ነው።

እናትህ "ዓለም አቀፍ" የሚለውን ሲሰሙ ከአንኮበር ድረስ መጡ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ "ልጄን አፈር በላው፤ የልጄን ልጅ ደግሞ ባሕር ማዶ ልትወስጂብኝ ነው?" አሉኝ። የትም አልሄድም ብል አላመኑኝም። በማግስቱ ማርታን ይዘው ሊመለሱ ልብሷን ማሰር ጀመሩ።

"እሺ፣ መጀመሪያ አብረውኝ ይሂዱና የምማረውን ይዩት" አልኳቸው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ጣርማ በር ላይ ያ ሁሉ በግ እያለ፣ እኔ የምሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ክሩን ለምን ከውጭ ያስመጣል? ይህን ልጠይቅ ሄድን። ባለ በጎቹ ግን ግብር ሰብሳቢ መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ከ"ያው ነው" ሌላ መልስ አልሰጡኝም።

እናትህ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአንዲት ባልቴት አጠገብ ተቀመጡ። "ከሸለታችሁት በኋላ የት ታደርሱታላችሁ? ገዢ አይመጣም? ጥቁሩንስ የሚፈልገው የለም?" እያሉ አከታተሉባት። ባልቴቷ ሳቀች። ባና የሚባለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው እየጠፋ ነው፣ ጥቁሩና ነጩ ሲቀላቀል ደግሞ ገዢ ይሸሻል አለች። ጎረቤቷ ግን አይደለም፣ ጸጉሩ ሻካራ ስለሆነ ነው ብላ ተከራከረቻት። የትኛዋ ልክ እንደሆነች ገና አላውቅም፤ ሳላውቅ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጻፌን ትቼ እናትህን አየኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው መልስ ሲጠብቁ ቁርጥ አንተን! መጠየቅ የማይሰለችህ በማን ወጥተህ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ "ይህንን ለመማር ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም በለኛ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ቤት ስንደርስ የማርታን ልብስ ፈትተው ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱት።

አሁን ቅዳሜና እሁድ እየመጡ ማርታን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ከክፍል ስመለስ ምሳዬን ሳያቀርቡ ይጠይቁኛል፦ የውጭ አገር በጎች ምን ቢበሉ ነው ጸጉራቸው የሚለሰልሰው? አላውቅም ስላቸው፣ "መምህርሽን ጠይቂያ!" ይሉኛል። እጠይቃለሁ።

ደጄ፣ አንረሳህም። ማርታ ስላንተ በጠየቀች ቁጥር፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ ሳልቆርጥ እነግራታለሁ። መምህርም፣ ባለ በግም የማይመልስልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አንተ ያለህበት አገር ምን ይመስላል?

የልጅህ እናት፣
አስቴር