ዶክተር ጥላን ስለማጣታችንና ሳይታከም ስለቀረው እጅ

የቆዳ ሕሙማን መረዳጃ ማኅበር ለአባላቱ፣ ለክሊኒኩ ሠራተኞችና ለወዳጆቹ ሁሉ ይህን ሲያስታውቅ ልቡ ከብዶት ነው። የቆዳ ቀለም ለምን እንደሚጠፋ፣ ቆዳ ለምን እንደሚቆጣና በምን እንደሚታከም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመራመሩ የኖሩት፣ የማኅበራችን መሥራችና ሐኪማችን፣ ሁላችንም «ዶክተር ጥላ» እያልን የምንጠራቸው እናታችን፣ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። መታመማቸውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። «ትንሽ ድካም ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም አመንናቸው። ሰው ሲያክም የኖረ ሰው ይታመማል ብሎ ማሰብ አልሆነልንም።

ይህ መግለጫ በቀብሩ ሳምንት መውጣት ነበረበት። ያዘገየው በውስጡ የነበረ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገሩ በየአፉ ተቆራርጦ ከሚሰማ ከእኛው ከራሳችን ቢሰማ ይሻላል ብለን፣ ከአገልግሎታቸው ቀጥሎ እንዳለ ጽፈነዋል።

መጠሪያቸውን ያገኙት ከገዛ አፋቸው ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ከግቢው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተኮልኩሎ ሲያዩ መስኮቱን ከፍተው «እናንተ ሰዎች፣ ጥላ ጥላውን! እኔ እያከምኩ እናንተ ትጠብሱታላችሁ?» ይሉ ነበር። አንድ ሾፌር አባላችን «ዝም በሉ፣ ዶክተር ጥላ መጡ» ብሎ ጀመረው። ሰሙ፤ «ዶክተር ፀሐይ ከምትሉኝ ይሻላል» አሉ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ወደ ክሊኒኩ በመጡበት ዓመት፤ የቆዳ ክፍል የሚባለው ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና በደንብ የማይገጥም መስኮት ነበረው። ያን ጊዜ ለምጽ የወጣበት ሰው የሚመጣው እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። ዶክተር ጥላ ከሁሉ አስቀድመው ያንን እጅ አስወጥተው ይጨብጡት ነበር፤ ያለ ጓንት። «አይተላለፍም» የሚለውን ከዚያ በኋላ ነው የሚናገሩት። የኃጢአት ቅጣት ነው ብለን ለፈራን አማኞችም አልተቆጡንም። «ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ናቸው የጠፉት፤ ሕዋስ ደግሞ ኃጢአት አያውቅም» ብለው ያሳርፉን ነበር።

መጋዘኑ በተነሣበት ዓመት፤ ክፍሉ ሰፋ፣ ለሥልጠና የሚመጡ ወጣት ሐኪሞችም በዙ። እነዚህ ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ቆዳ ሲቆጣ ይቀላል ይላል፤ ሥዕሎቹም የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ቶሎ አይታይም፤ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። ስለዚህ «ምንም የለም» እየተባሉ የሚመለሱ ብዙዎች ነበሩ። ዶክተር ጥላ ባደረጉት ጥናት፣ ሕመምተኛው «ያቃጥለኛል» ያለው ቃል ከሐኪሙ ዓይን እኩል እንዲመዘገብ አስደረጉ። በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ሳይለኩ «ምንም የለም» የሚሉትን ወጣት ሐኪሞችም «ምንም የሌለው ዓይንህ ላይ ነው» እያሉ መልሰው ይልኳቸው ነበር።

ፊት የሚያቀላ ክሬም ገበያውን በሞላበት ዘመን፤ ከየሱቁ እየገዙ አስመረመሩ፤ በብዙዎቹ ሜርኩሪ እንዳለ አሳወቁ። ፊታቸውን አቃጥለው የመጡትን አንድ ቀን እንኳ ሲያዋርዱ አላየንም። ለልጃቸው ሠርግ ብለው ተቀብተው የተጎዱ እናት ቢመጡ «እማማ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብለው አሳቋቸው፤ እናትየዋም እየሳቁ አለቀሱ። ያን ቀን ክሬሙን ከቦርሳቸው አውጥተው ለዶክተር ጥላ ሰጧቸው።

ወደ አዲሱ ሕንፃ ከተዛወርን ወዲህ፤ የመጨረሻውንና ከሁሉም በላይ የደከሙበትን ጥናት ጀመሩ። ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ይወሰዳል፤ ቀለም ሰጪ ሕዋሳቱ ይለያሉ፤ በነጣው የእጅ ቆዳ ላይ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ለወራት የብርሃን ሕክምና ይከተላል። የእጅ ጣት በዚህ ሕክምና እልኸኛ ነው፤ ሌሎች የተዉትን ነበር የያዙት። ተሳታፊዎቹ ሁለቱም እጃቸው የነጣ አባሎቻችን ናቸው። የእያንዳንዱ አንድ እጅ ይታከማል፤ ሌላው ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ይቆያል። የትኛው እጅ እንደሚታከም የሚወስነው ዕጣ ነበር። ብንለምናቸው፣ ብንቆጣቸውም አልተበገሩም። «በአዘኔታ ከመረጥኩ ሕክምናው የሠራውን ከእኔ ልብ መለየት ያቅተኛል» አሉን። ቀጥለውም «ጊዜው ሲሞላ ሁለተኛውን እጅ እኔው እሠራላችኋለሁ፤ ማንም ግማሹን ታክሞ አይቀርም» ብለው ቃል ሰጡን። ጊዜው ሳይሞላ እሳቸው ዐረፉ።

እንግዲህ መግለጫውን ወዳዘገየው ነገር እንመጣለን።

ከተሳታፊዎቹ አንዷ ዳቦ ቤት በሽያጭ የምትሠራ እህታችን ናት። ዕጣው የወጣው ለግራ እጇ ነው። ግራ እጇ ቀለሙ ተመለሰ፤ ዳቦ የምታቀብልበት ቀኝ እጇ ግን እንደነጣ ቀረ። «ዶክተር፣ ደንበኛውን በግራ ልስጠውና ስድብ ልጥገብ?» እያለች ስትቀልድ ዶክተር ጥላም አብረው ይስቁ ነበር። ሳቁ አልዘለቀም። ሰዎች ዳቦውን ከእጇ አንቀበልም ማለት ሲያበዙ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የመጋገሪያ ቆርቆሮ ወደሚታጠብበት ጓዳ አስገባት። «እጅሽ ሲድን ትመለሻለሽ፤ ግን ቦታሽን ዓመት ሙሉ ባዶ አላቆይልሽም» አላት። ልጆች የምታሳድገው ብቻዋን ነው።

ከቀብሩ መልስ በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ተሰብስበን የመግለጫው ረቂቅ ተነበበ። በውስጡ «የጥናቱ ተሳታፊዎች በሙሉ ለዶክተር ጥላ መታሰቢያ ሲሉ ጥናቱ እስኪፈጸም ባሉበት ለመቆየት ቃል ገብተዋል» የሚል ነበረበት። በእንዲህ ያለ መግለጫ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል፤ ያማረ መስሎን ነበር። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እህታችን ብቻ ከጥጉ ወንበር ላይ ሆና «እኔ ቃል አልገባሁም። ከዚያ ውስጥ አውጡኝ፤ ቀኝ እጄ አሁን ይታከምልኝ» አለች።

በልብስ ስፌት የሚተዳደሩት፣ «ጋሽ መርፌ» የምንላቸው አንጋፋ አባላችን ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! እሳቸው ዕድሜያቸውን የከፈሉበትን ጥቂት ወር መታገሥ አቃተሽ?» አሏት።

«ጋሽ መርፌ፣ የእርስዎ ዕጣ የወጣው ለቀኝ እጅዎ ነው» አለቻቸው። «አሁን እንኳ እኔን እየጠቆሙ የሚገሥጹኝ በዳነው ጣትዎ ነው።»

ጋሽ መርፌ ጣታቸውን አይተው ቁጭ አሉ። ሌሎች ግን አላረፉም፤ «ምስጋና ቢስ» የሚል ድምፅም ከኋላ ተሰምቷል።

የዶክተር ጥላ ረዳት የነበረው ወጣት ሐኪም ተጠይቆ እውነቱን ነገረን። «አንድ ሰው ቢወጣ ጥናቱ ይከሳል እንጂ አይሞትም። ግን ድሮም ብዙ አይደላችሁም። ሁለት ሦስት ሰው ከተከተላት ለማንም የምናሳየው ነገር አይኖረንም፤ የእሳቸው ድካም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።» ቀጥሎም «ቀኝ እጇን መሥራት ያለብኝም እኔ ነኝ። ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም» አለ።

ነገሩ አልቋጭ ቢለን ወደ ዶክተር ጥላ ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሟቿ በመጨረሻ ሰዓት ስለ እኛ የተናዘዙት ነገር እንዳለ ጠየቅናቸው፤ አንድ ቃል ብናገኝ በእሱ ልንገላገል ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ። «ልዋሻችሁ አልችልም» አሉን። «ውሃ ስጠኝ አለችኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርግልኝ አለችኝ። ስለ ጥናት አላነሣችም። ደክሟት ነበር።»

 ደረጃውን ወርደን በሩ ላይ ስንደርስ ጋሽ መርፌ «እንግዲህ ነገሩን ለራሳችን ተዉልን» አሉ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ራሱን መረመረ። ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፍነው ለእሳቸው ክብር ነው? ወይስ የእኛ ትዕግሥት በከንቱ እንዳይቀር የእሷን ትዕግሥት መደገፊያ ልናደርግ ፈልገን? ጸልየን ጠይቀናል፤ ጥርት ያለ መልስ መጣልን ብንል እንዋሻለን። አንድ ነገር ግን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ዶክተር ጥላ ጥናቱ ሲጀመር «መውጣት የፈለገ ይውጣ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም» ብለውን ነበር። በሕይወት ሳሉ ያላሰሩትን ሰው ከሞቱ በኋላ በስማቸው ማሰር አልዋጥልን አለ።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። በምትኩ የምናስታውቀው ይህን ነው። እህታችን በፈቃዷ ከጥናቱ ወጥታለች፤ አባልነቷ እንደነበረ ነው። ወጣቱ ሐኪም ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጇን ሠርቶላታል። ቀለሙ ይመለስ አይመለስ ከወራት በፊት አይታወቅም። የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሄደን አነጋግረነዋል፤ «አያለሁ» ብሎናል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልሰጠንም። የቀሩት ተሳታፊዎች በጉባኤ ፊት ሳይሆን ለየብቻቸው ተጠይቀዋል። አብዛኞቹ፣ ጋሽ መርፌም ጭምር፣ እንቆያለን ብለዋል። አንድ አባል ገና እያሰበ ነው፤ እንዲያስብ ትተነዋል። ጥናቱ ለፍሬ ይብቃ አይብቃ ዛሬ መናገር አንችልም።

ማኅበራችን ለዶክተር ጥላ ባለቤት መጽናናትን ይመኛል። ከመካከላችን ይህን መንገድ ያለፈ አለ፤ ማታ ሁለት ሳህን አውጥቶ አንዱን መልሶ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ለእሱ የሚሆን የመግለጫ ቃል የለንም፤ የሚመጣ ሰው ግን አለን፤ እንመጣለን። ለልጃቸው፣ እስከ መጨረሻው ላስታመሟቸው ታላቅ እህታቸው፣ ለክሊኒኩ ነርሶችና ሐኪሞች፣ በተለይም ያላሰበው ኃላፊነት ትከሻው ላይ ለወደቀው ወጣት ሐኪም፣ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

አንድ ሐዘንተኛ ግን ዘንግተን ነበር። ከቀብሩ መልስ በዚያ ክፍል እርስ በርሳችን ስንጽናና፣ ለዳቦ ሻጯ እህታችን ማናችንም የማጽናኛ ቃል አልተናገርናትም። በእነዚያ ወራት ሁሉ እጇን ይዘው ያከሟት ሐኪም ናቸው የሞቱባት፤ እኛ ግን እንደ ተከሳሽ እንጂ እንደ ሐዘንተኛ አላየናትም። ማኅበሩ የዘገየበትን ቃል ዛሬ በሁሉ ፊት ያደርሳል፤ እህታችን፣ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።