አማቷ ያወጡላት ስም

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመምሬ ገብረየሱስ፤ ሞላሌ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ያ የጉልበት ሕመምዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነልዎ? እማዬስ እንዴት ናት? ገብሱስ ዘንድሮ ፍሬ ያዘ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

ነገሩ የእህቴ የጥሩሸዋ ነው። አምና ባሏ አቶ ተገኘ በረሃቡ መጠለያ ውስጥ ከሞተ በኋላ እሷን ብቻዋን አሳፍረው ወደ ሰፈራ ወሰዷት፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረን እስካሁን አላገኘንም። እኔ በምሠራበት የእርዳታ ድርጅት የሰፋሪዎቹ ስም በኮምፒውተር ቴፕ ላይ አለ። ግን እንዲሁ ተዘርግቶ አይነበብም፤ መዝገቡ ሁሉ በጥቅል በጥቅል ታስሮ የታመቀ ነው። አንዱን ፈትቶ በዓይን ማንበብ ብቻ ቀኑን ይጨርሳል። ስለዚህ ለማሽኑ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፍሁለት፦ ጥቅሉን በየተራ ይከፍታል፣ ውስጡን ይፈትሻል፣ ስሙን ካጣ መልሶ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጎተራ ሳይገለብጡ እጅ ሰዶ እንደመፈለግ ነው።

ጥሩሸዋ ገብረየሱስን ፈልግ ብዬ አዘዝሁት። ቆሜ ጠበቅሁ፤ የለችም። በእርስዎ ስም ብቻ እንዲፈልግ ሳዘው ደግሞ የገብረየሱስ ልጅ የሚባሉ ሴቶች መዓት ወጡ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ጥሩሸዋ ግሼ ከተዳረች ወዲህ የምትጠራው አማቷ ባወጡላት ስም ነው፤ የተመዘገበችውም በዚያው መሆን አለበት። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እህቴ ትሆናለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም።

እርስዎ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ ብለው ያ ስም በቤታችን እንዳይነሳ አደረጉ፤ እማዬም ረስቼዋለሁ ብላ አስጽፋልኛለች። የሚያውቁት አማቷ ናቸው። እርስዎ ግን ጥሩሸዋና ባሏ ሲራቡ አልነገሩንም ብለው በእሳቸው ቢቆጡ ከቤታችን ማንም ደጃቸውን እንዳይረግጥ ገዘቱ። አባባ፣ የገዘቱት እርስዎ ነዎት፤ የሚፈቱትም እርስዎ ነዎት። ቴፑ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ከጥምቀት ማግስት ይደመሰሳል፤ አለቃዬን ብለምን ከዚያ ወዲያ አይቆይም አሉኝ። እኔን ይቆጡኝ፣ ስሙን ግን ይላኩልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ነጋዴው መኳንንት መልሱን ይዞ ይመለሳል።

እማዬን በናፍቆት ይሳሙልኝ። ታናሼን ፈንታን በርትቶ ይማር ይበሉልኝ። አክስቴን ኮከቤን እንዴት ነሽ ይበሉልኝ። ለጥሩሸዋ አማት ለወይዘሮ ጌታነሽም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ በሰው አይላኩት፣ ራስዎ ደጃቸው ድረስ ሄደው ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ወዳጆ ገብረየሱስ
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.