የስለቱ ጎማ የነጠቀን አቶ ኢያቄም ተክለ ሚካኤል

አቶ ኢያቄም ተክለ ሚካኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ሚካኤል ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቻለች ደሳለኝ፣ ዛሬ በተሰበሰብንባት በገነተ ማርያም በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ቅኔ እንዲቆጥሩላቸው ይመኙ ነበር። እርሳቸው ግን ዳዊቱን አጥፈው ይጠፉና ሲፈለጉ መንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ይገኙ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በላሊበላ ከተማሩ በኋላ፣ ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ በረዳትነት ተቀጠሩ። ጭቃና ዝናብ መኪና ላይ ምን እንደሚሠሩ ያዩት በዚያ መንገድ ነው። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታገኘሁ ሞላ ጋር ጋብቻቸውን በሥርዓተ ቁርባን ፈጽመው ፅናትንና ዘመንን ወልደዋል። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ላሊበላ ከተማ የራሳቸውን ጎሚስታ ከፈቱ።

አቶ ኢያቄም ጨዋታ ወዳድ ነበሩ፤ የክረምት ጎማ ወሬ ከተነሣ ግን ቀልድ አያውቁም። ለዝናብ የሚሆን ጎማ ጥርሱ ጥልቅ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይ ሰፊ፣ ላስቲኩም ለስለስ ያለ ይሁን ይሉ ነበር። ጎማ ሲመርጡ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ላስቲኩ ላይ ጫን ያደርጋሉ፤ ከዚያ ከጎኑ የታተመውን የተመረተበትን ዓመት ያነባሉ። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ስለሚደርቅ እርጥብ መሬት አይቆነጥጥም። ይህን ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም ሲናገሩ ኖሩ። የማይሰማቸው ይበዛ ነበር።

ባለፈው ግንቦት አንድ የአካባቢው ተወላጅ ለቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን ሚኒባስ አራት ጎማ በስለት ላኩ። ጎማዎቹ በቀለም ተወልውለው ያብረቀርቁ ስለነበር በእልልታ ተቀበልናቸው። አቶ ኢያቄም ግን ዓመቱን አንብበው፣ ከተመረቱ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፋቸው፣ በክረምትም ሰው ሊጫንባቸው እንደማይገባ ተናገሩ። ከሱቃቸው ደህና ጎማ በነፃ ልሰር ብለው ለመኑ። አዎ፣ ለመኑ! ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አቶ አለነ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣

«ኢያቄም፣ መልአኩ በተቀበለው ስለት ላይ አፍህን አትክፈት!» አሏቸው።

«እኔ መልአኩን መች አማሁ? ላስቲኩን ነው ያማሁት» ብለው መለሱ።

ስለት ተፈትቶ አይጣልም ተባለ። ይባስ ብሎ፣ ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ከማኅበሩ ጽዋ እንዲርቁ ተወሰነ። በዚያ ቀን በስምምነት ራሳችሁን የነቀነቃችሁ ሰዎች ዛሬ እዚሁ ቆማችሁ ደረታችሁን ትመታላችሁ።

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሚኒባሱ የቅዱስ ላሊበላን በዓል ያከበሩትን የገነተ ማርያም ሰዎች ጭኖ ሲመለስ፣ የአቶ ኢያቄም ሕመምተኛ እህት ወይዘሮ ይማርሽ አብረው ተሳፍረው ነበር። አቶ ኢያቄም እህቴን ብቻዋን አልሰድም ብለው ከጎናቸው ተቀመጡ። መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጎማዎቹ መሬቱን መያዝ አቅቷቸው ሚኒባሱ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። አቶ ኢያቄም ሾፌሩን ወደ ተራራው በኩል አስጠግተው አስቆሙት፤ እየጮኹ፣ እየተቆጡ፣ አንዳንዱንም በክንዱ እየጎተቱ ሰዉን ሁሉ አስወረዱ። አቶ አለነንም ያወረዱት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ከኋላ ጎማ ሥር በድንጋይ ታኮ ሊያደርጉ ጎንበስ ሲሉ ሚኒባሱ እንደገና ተንሸራቶ ከተራራው ግድግዳ ጋር አጣበቃቸው። በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 19 ቀን በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች እዚህ ጽሑፍ ላይ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ» የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቀው ነበር። ቤተሰቡ እምቢ ብሏል። ይህን የጻፈችው ልጃቸው ፅናት አባቷን የገደለው ደረቅ ላስቲክና የሰው ግትርነት መሆኑን ታውቃለች፤ ተቆጥታለች፤ ቁጣዋንም እግዚአብሔር ላይ አታላክክም።

አቶ ኢያቄም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው አልፈዋል። እነዚያ ጎማዎች ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ሚኒባሱ ላይ ነበሩ። ለቀስተኛ ጭነው እዚህ ድረስ መጥተዋል! ይህ በሚነበብበት ሰዓት ልጃቸው ዘመን ከቅጥሩ ውጭ ሚኒባሱን በክሪክ አንሥቶ አራቱንም እየፈታ ነው። ስለት ናቸውና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይቀመጣሉ። አቶ አለነ፣ ልጁን ላስቆም ካሉ የሬሳ ሣጥኑን ተሻግረው ይሂዱ።

ቸሩ አምላክ የአቶ ኢያቄምን ነፍስ ከወዳጆቹ ማረፊያ ያግባልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን። ወደ ላሊበላ የምትመለሱ ሌላ መኪና ፈልጉ።