ስለ ላስነው ድንጋይ

ለተከበሩ የሙዚየሙ የቅሪተ አካልና የድንጋይ መለያ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ጓደኛዬ ሹፌሩ በቢሮዎ መስኮት ላይ አይቶ በለምለምነቷ የተደነቀባትን ያቺን አበባም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ያስቀመጡኝ ቦታ አለሁ።

በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ማመልከቻዎች «ለሚመለከተው ተመርተዋል» ተብያለሁ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ስላልተገኘ፣ ምናልባት እሱም እንደ ሌላው ሰው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነብ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ድንጋይ እሰበስባለሁ። ስለ ድንጋይ የማውቀውን የተማርኩት ባለሱቁ ዕቃ ከሚጠቀልልባቸው የመጽሐፍ ገጾች ነው። ስኳር የተጠቀለለበት ገጽ የብስ የሆነው ምድር ድሮ ባሕር እንደነበረ ነገረኝ፤ ሳሙና የመጣበት ደግሞ አጥንት እንዴት ድንጋይ እንደሚሆን ማስረዳት ጀምሮ መሐል ላይ ተቀደደ። ስለዚህ የእኔ እውቀት ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ሦስት ሆነን እንሰበሰባለን። አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ክብ ድንጋይ ባየ ቁጥር «እንቁላል ነው፣ ውስጡ ጫጩት አለ» ስለሚል የሰፈሩ ሰው ጋሽ እንቁላል ብሎታል። ሌላዋ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ባለ ፋርማሲ ናት፤ ሁሉንም ነገር በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ ታየውና «እርግጠኛ አይደለሁም» ትላለች። እኔም ብሆን ከእነሱ አልሻልም። የጥንት እንስሳ ልብ ነው ብዬ በጥጥ ጠቅልዬ ያኖርኩትን ነገር ግንበኛው ጎረቤቴ አንድ ቀን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ እኮ የኛው ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ የመታው» ብሎኛል። ጥጡን መልሼ ወሰድኩ። እናም፣ ክቡርነትዎ፣ እኛ አዋቂ ነን ብለን አናውቅም። የመለያ ክፍል የሚባል ነገር መኖሩን ስንሰማ ዓይናችን የበራውም ለዚህ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የቤቴ ቧንቧ ፈነዳ። የቧንቧ ሠራተኛው የኮሪደሬን ወለል ሰብሮ ሲቆፍር ዶማው ጠንካራ ነገር ነካ፤ ጎንበስ ብሎ ጠረገውና «እትዬ፣ ይሄ ድንጋይ ጥርስ አለው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ትልቅ ትሪ በሚያክል ግራጫ ድንጋይ ላይ ጥቋቁር የሚያብለጨልጩ ጥርሶች እንደ ዚፕ ተደርድረዋል። ሠራተኛውን አቁሜ ሁለቱን ጓደኞቼን ጠራሁ።

አሁን ወደ ጥፋታችን መጣሁ። በእኛ በሰብሳቢዎች ዘንድ አጥንትን ከተራ ድንጋይ የምንለይበት አንድ መንገድ አለ፤ እሱም ምላስ ነው። የጥንት አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው እርጥብ ምላስ ይይዛል፤ ተራ ድንጋይ አይይዝም። ይህን ያገኘሁት ሻማ ከተጠቀለለበት ገጽ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ «ነገር ግን» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ እዚያው ላይ ተቀዷል። ጋሽ እንቁላል በዕድሜ ቅድሚያ ይገባኛል ብሎ ተንበረከከና ከጥርሶቹ ሥር ላሰው፤ ምላሱን ሳያስገባ «ያዘኝ! ያዘኝ!» እያለ ሊጮህ ሞከረ። ባለ ፋርማሲዋ በአልኮል ጠርጋ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው፤ እርግጠኛ እንዳልሆነችም ተናገረች። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። እኔንም ያዘኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማመልከቻ ሳስገባ ስለላኩልኝ ባለሙያ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ነጭ ጓንት አድርጎ መጣ፣ ጫማውን በር ላይ ጠረገ፣ እንግዳ አክባሪ ወላጅ እንዳሳደገው ያስታውቅ ነበር። «የነካው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት ስለማልችል «ልሰነዋል» አልኩት። እስክሪብቶው ቆመ። «ማን ነው የላሰው?» አለ። ሦስታችንም መሆናችንን ስነግረው፣ ጋሽ እንቁላል ከበሩ ሥር ሆኖ «እኔ ሁለት ጊዜ» ብሎ አከለ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለተኛውን እኛም አናውቅም ነበር። ባለሙያው ሁሉንም መዝግቦ ሄደ። ተከትሎ የመጣው የእርስዎ ውሳኔ ነው፦ ቅርሱ በሰው ምራቅ ስለ ተበከለ የሦስታችን ምራቅ ተመርምሮ እስኪለይ ድረስ ምንነቱን መናገር አይቻልም፤ ላሾቹ ከከተማ አይወጡም፤ ከላሾቹ መካከል የቤቱ ባለቤት የሆነችው ደግሞ ጊዜያዊ ጠባቂ ሆና በሥራ ሰዓት ከቤቷ አትለይም። እኔ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። መልሱ «አንቺ ጠባቂው ነሽ» ሆነ። በሕይወቴ ሳልወዳደር ያገኘሁት ብቸኛው ሹመት ስለሆነ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ስላስወጠሩልኝ ቀይና ነጭ ጥብጣብ አመሰግናለሁ። ጥብጣቡን ማለፍ፣ ማንሳት፣ መጠጋት ክልክል መሆኑ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ኮሪደሩ ከክፍሌ ወደ ውጭ በር የሚወስድ ብቸኛ መንገድ መሆኑን ባለሙያዎ ልብ ሳይል ቀርቶ አይመስለኝም፤ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው በር ምን ያደርግለታል ብሎ ይሆናል። ስለዚህ የምገባውም የምወጣውም በመኝታ ቤቴ መስኮት ነው። ከውስጥ ወንበር፣ ከውጭ በርጩማ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ መታጠፍ እንደሚችል ያወቅሁት በእርስዎ ነው። ደንበኞቼ ግን እንደ እኔ አልታደሉም። አንዲት ወፍራም ወይዘሮ በርጩማውን ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ «ቀሚስ ላስጠብብ እንጂ ዝላይ ልማር አልመጣሁም፣ እህቴ» ብላ ጨርቋን አቅፋ ተመለሰች። ሌሎቹ ልብሳቸውን በመስኮት ያቀብሉኛል፣ ልኬታቸውን በጩኸት ይነግሩኛል፤ የሰፈሩ ሰው የማንን ወገብ ስፋት እንደማያውቅ አሁን አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩን አይቶ የሚለየውን ዋናውን ሊቅ ስለላኩልኝ። እሱ በመጣበት ቀን ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ውኃ የምቀዳው ቧንቧዬ ስላልተጠገነ ነው፤ ቧንቧዬ ያልተጠገነው ጉድጓዱ ስለማይነካ ነው፤ ጉድጓዱ የማይነካው ሊቁ እስኪመጣ ነው። ጀሪካኔን ይዤ ስመለስ መስኮቴ ላይ «በሥራ ሰዓት ባለመገኘትዎ ተመልሰናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ከገጾቼ ሁሉ ያልተቀደደ፣ መጀመሪያም መጨረሻም ያለው የመጀመሪያው ገጽ እሱ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ምራቃችን። ሁለቱ ጓደኞቼ ምራቃቸውን ሊሰጡ ሙዚየምዎ ድረስ ቢሄዱ የመቀበያው ዕቃ ገና አልተገዛም ተባሉ። ባለ ፋርማሲዋ ከራሷ መደብር ንጹሕ ባለ ክዳን ብልቃጥ አቀረበች፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ አንቀበልም ተባለች። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ለመግዛት ከከተማ መውጣት ስላለባት «እኔ አሸተትኩት እንጂ አልላስኩትም» ማለት ጀምራለች፤ ስለዚህ ጉዳይ ብቻ እርግጠኛ ናት። ጋሽ እንቁላል በበኩሉ በየመንገዱ «የኔ ምራቅ እኮ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል» እያለ ይኩራራል። አንድ ቀን ግን በመስኮቴ በኩል አጠገቤ ቆሞ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያመላልስ የኖረበትን የመናኸሪያ መንገድ እያየ፣ «መሄድ ባልፈልግም እኮ፣ አትሂድ ሲሉኝ እግሬን ይበላኛል» አለኝ።

አምስተኛውን በተራ ቁጥር ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ልጅ አለችኝ። በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ እሩቅ አገር ሄዷል። ሐኪሟ ከአልጋ አትነሺ ብሏታል፤ ውኃ የሚያቀብላት የቤት አከራይዋ ናት፣ እሷም ስታስታውስ። ይህን ሁሉ ጽፌ እንድሄድ ፈቃድ ብጠይቅ የደረሰኝ መልስ እንዲህ ይላል፦ ፈቃድ የሚሰጠው ለሠራተኛ ነው፣ እርስዎ ሠራተኛ አይደሉም፤ ጠባቂዋ ቦታውን ለቃ ከሄደች ጥያቄዋ እንደ ተሰረዘ ተቆጥሮ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ይደፈናል። ለመታሰር የእናንተ ነኝ፤ ለመሄድ ግን የማንም አይደለሁም።

ልጄ ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ ድንጋዩ ስንት ዓመት ነው እዚያ የተኛው?» አለችኝ። እንጃ፣ ብዙ ነው፣ ቁጥሩ የነበረበት ገጽ ተቀዷል አልኳት። «ታዲያ ትንሽ ቢጨምር ምን ይለዋል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ስትተነፍስ ይሰማኛል። «እኔ ግን ፈርቻለሁ» አለች።

ክቡርነትዎ፣ ያኔውኑ ለምን እንዳልተነሳሁ ለእርስዎ ልንገርዎት፤ ከሌላ ሰው ይልቅ እርስዎ ይረዱኛል ብዬ ሳይሆን፣ የመለያ ክፍል ኃላፊ ስለሆኑ ነው። ያሰረኝ ጥብጣብዎ ብቻ አይደለም። ጥብጣብ በመቀስ ይቆረጣል፣ መቀስ ደግሞ አላጣም። እኔ የማንኛውንም ነገር መጨረሻ ሳላውቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ጥርስ ያለው ድንጋይ አንድ ቀን አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ የማን ጥርስ እንደሆነ፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ ባሕር ውስጥ ይዋኝ ወይስ መሬት ላይ ይሂድ እንደነበር እስከ ጫፍ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። ሲሚንቶ ነው ቢለኝ እንኳ አልከፋም፤ ለምጄዋለሁ። ማታ ስፌቴን ሳቆም መብራቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሬ፣ ከጥብጣቡ ወዲህ ሆኜ ስመለከተው፣ እሱም ጥርሱን ገልጦ ያየኛል። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ከተምታታብኝ ሰነበተ።

ልጄ ከደወለች በኋላ ግን እነዚያን ጥርሶች ሳይ የምቆጥረው የእሷን ትንፋሽ ሆነ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማሳውቅዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሚወጣበት ጠዋት እኔ አውቶቡስ ውስጥ መሆኔን ነው። የመስኮቴን ቁልፍ ጋሽ እንቁላል ዘንድ ትቻለሁ። በበሩ መግባት ከፈለጋችሁ ጥብጣቡን የማለፍ ሥልጣን ያለው ሰው መፈለግ ይኖርባችኋል። ሲሚንቶውን ለማፍሰስ ከወሰናችሁ ጎረቤቴ ግንበኛ ነው፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ዝናብ ካልመታው በቀር። ለስንብት ጥብጣቡን በእጄ ዝቅ አድርጌ ተሻገርኩና ድንጋዩን አንድ ጊዜ ላስኩት። እንደ መጀመሪያው ቀን ያዘኝ። ከዚያም ለቀቀኝ።

ለጥያቄዬ መልስ ባለመስጠት ዕድሜ ልኬን የማስብበት ነገር ስላተረፉልኝ፣ በቤቴ ውስጥ ስላሰሩኝና መስኮቴ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ስላሳዩኝ፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ አንድም ጊዜ ድምፅዎን ከፍ ሳያደርጉ ስላከናወኑት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞዋ ጊዜያዊ ጠባቂ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስተኛዋ ላሽ

ማስታወሻ፦ ምራቄን በባለ ፋርማሲዋ ብልቃጥ አድርጌ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ለጸሐፊዎ እንዲሰጥልኝ ልኬያለሁ፤ ከአበባዋ አጠገብ ቢያስቀምጡት ደስ ይለኛል። ሊቁ እንደገና ሳይመቸው ከቀረ፣ ድንጋዩን የሚለዩበት ምላስ እርስዎም አለዎት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ የቀረውን እኔ እፈልገዋለሁ። አያት ስሆን ሕፃኑን ግንባሩንም ጉንጩንም መሳሜ አይቀርም፣ በምራቄ መበከሉም አይቀርም። እባክዎን ጥብጣብ ይዘው እንዳይመጡ።