ስክሪን የሌለው የስዕል ታብሌት

ጋሼ፣

ወደ ሥራ መውጣቴ ነው። ለልጅህ የስዕል ታብሌት ገዛሁላት። አዎ፣ «እሱማ አይረባም» ያልከውን ርካሹን።

የራሱ ስክሪን የለውም፤ ኮምፒውተርህ ላይ ይሰካል። ተበላሽቷል ብለህ እንዳትፈታታው! ብዕሩም ቻርጅ አይፈልግም።

አንተ ምርጡን ልምረጥ ብለህ ቪዲዮ ስታይ ከረምክ፤ እሷ የጫማ ካርቶን ላይ ስትስል ከረመች። መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል አልሰማህም?

ጠዋት አንተ ሳትነሳ ሞከርነው። ኮምፒውተርህን ሳላስፈቅድህ መክፈቴ...
እሱን ማታ እናወራለን።

የመጀመሪያ ስዕሏን እዚያው ታገኘዋለህ። አንተን ነው የሳለችው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተህ፣ ከጀርባህ። «ፊቱስ የታለ?» ብላት፣ «አክስቴ ደግሞ! መች ዞሮ ያውቃል?» አለችኝ።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ እባክህ አንዴ ዙርላት።