ቅጣቴን ስጡኝ

ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድዎና ለምናፍቅዎ እናቴ፣

የልጅነት ሰላምታዬ እስካሉበት ገዳም ይውረድልኝ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎ ነገር ተሻለዎት ወይስ የገደሉ ብርድ አባሰው? የላክኩልዎትን ሹራብ ለሌላ መነኩሲት ሰጡት አይደል? አውቅዎት የለ! እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ መዘውሯ ሲንቋቋ ሰንብቶ ዘይት ባጠጣት ዝም አለች። ድመቷ ወልዳ አልጋዎን ይዛዋለች። ጎረቤቶች ሁሉ እጅ ይነሱዎታል። ከዚህ በታች ስለ እነሱ የምጽፈውን ሲያነቡ ሰላምታቸውን አይመልሱባቸው፤ የላኩት ከልባቸው ነው።

ይህን የሚያደርሱልዎት ለጥር ተክለ ሃይማኖት ንግሥ ወደ እናንተ የሚወርዱ ሴትዮ ናቸው። አደራዎን፣ ዲያቆን ጠርተው አያስነብቡት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጠው ሀ ሁ ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና መነጽርዎን አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ ብቻዎን ያንብቡት።

እናቴ፣ ተናድጃለሁ። ለማን እንደምናገር ስለጠፋኝ ለእርስዎ እናገራለሁ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ ካላዩ በታኅሣሥ አረፉ። ይህን ሳይሰሙ አይቀሩም። ስፌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የእግር ፔዳል የሌላትን፣ በእጅ የምትዞረውን መኪና መርካቶ ድረስ ወርደው ፈልገው ያመጡልኝም እሳቸው። የቀብራቸው ዕለት ሌሎቹ ሴቶች ጓዳ ገብተው ሽንኩርት ሲልጡ፣ ንፍሮ ሲቀቅሉ እኔም ነጠላዬን አደግድጌ፣ ምርኩዞቼን ግድግዳ አስደግፌ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ቢላዋ አነሳሁ። አንዷ መጥታ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው። ተይ አንቺ፣ ኃጢአት አታስገቢን አለችኝ። ሁለቱ ብብቴን ይዘው እንደ ጆንያ አነሱኝና ድንኳን ውስጥ፣ ከካህናቱና ከሸመገሉት ጎን፣ ፍራሽ ላይ አኖሩኝ። ንፍሮውም ከሁሉ ቀድሞ ለእኔ ቀረበ። ላስተማሩኝ ሰው አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ ሳልልጥላቸው ዋልኩ።

በሠልስቱ የእድሩ ስም ጥሪ ሆነ። እትዬ ዓለምጸሃይ የሴቶቹ ዳኛ ሆነዋል፤ ድምፃቸውን ያውቁታል፣ ጊዮርጊስ ደጅ ቆመው ቢጣሩ ውቤ በረሃ ይሰማል። ስም እየጠሩ ያለችው «አለሁ» ትላለች፣ ከሥራ የቀረችው ትቀጣለች፣ የተቀጣችው ታጉረመርማለች። እርስዎ ሲመነኩሱ ቦታዎ ለእኔ ያለፈ መስሎኝ እስከ መጨረሻው ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አልተጠራሁም። የተረሳሁ መስሎኝ እጄን አወጣሁ። ሴቶቹ ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው የሳቁት፤ እሱ ነው የባሰ ያንገበገበኝ። እትዬ ዓለምጸሃይም የኔ እናት፣ አንቺን ማን ይቀጣሻል፣ አንቺን እኮ ለነፍሳችን ብለን ነው የያዝንሽ፣ የሞትሽ ቀን በወግ በማዕረግ እንቀብርሻለን አሉኝ። ለካ በየወሩ የምልከው መዋጮ ስኳርና ሳሙና እየሆነ ሲመለስልኝ የኖረው ለዚህ ኖሯል! እኔ ሞኟ የጉርብትና ፍቅር ነው ብዬ ስመርቃቸው ኖርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም።

እናቴ፣ በእድር ውስጥ የማይቀጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሟቹ ብቻ ነው። እኔን በቁሜ ከእሱ ጋር ደመሩኝ። እንዲህ ብዬ ብነግራቸው ደግሞ አታሟርቺ ብለው አማተቡ።

ይህንንም ቢሆን ውጬው እኖር ነበር። ስንቱን ውጫለሁ። ነገር ግን ከገና በኋላ ጓድ መርሻ ቤታችን መጣ። እሱን አያውቁትም፤ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የተመረጠ የቀበሌያችን የቤት ጉዳይ ኃላፊ ነው። ከገባ ጀምሮ ጣሪያውንና መስኮቱን እንጂ እኔን አላየም። በመጪው መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከተማው መጽዳት አለበት አለኝ። ሠርተው የማያድሩና ጧሪ የሌላቸው ከከተማ ውጭ መጦሪያ ተዘጋጅቶላቸዋል፣ እዚያ ሰሌን መሥራት ይማራሉ፣ ቤታቸውም ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል አለኝ። ከተማ ማጽዳት ሲል ዓይኑ ምርኩዞቼ ላይ አረፈ።

እኔም ጓድ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ ነው የማድረው፣ ሰሌን ምን ያደርግልኛል አልኩት። የሰፋሁት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ እያየው ነው። የሰፈሩን ሕዝብ ጠይቀን እንወስናለን ብሎኝ ወጣ። እኔም ልቤ ረጋ። ይጠይቅ፣ የሰፈሬ ሰው ያውቀኛል አልኩ።

የሰፈሬን ሰው የቀበሌው ሱቅ በር ላይ፣ የስኳር ሰልፍ ይዘው አገኛቸው። ስለ እኔ ጠየቃቸው። ከቀበሌ የመጣ ሰው ስለ አንድ ሽባ ሲጠይቅ ስንዴና ዘይት ሊሰፍር ነው እንጂ ሌላ ምን ይመስላል? እርዳታ የሚያስጽፍልኝ መስሏቸው አንዷ ከአንዷ አፍ እየነጠቀች አከበደችው። ምስኪን ናት፣ ረዳት የላትም፣ ከቤት አትወጣም፣ ኧረ እድሩ እንኳ ለነፍስ ብሎ ነው የያዛት አሉት። እናቴ፣ በዶሮ ማነቂያ ዳገት በየሳምንቱ ጨርቅ ተሸክሜ ስወጣ በየደጃቸው የማልፈው እኔ አይደለሁም? ከእነሱ ውስጥ የልጆቿን ሱሪ ያላሳጠርኩላት አለች? እሱ አመስግኗቸው ሄደ። በጥምቀት ማግስት፣ ወሩ ሳያልቅ ቤቱን እንድለቅ ተነገረኝ። የሰፈሩ ሕዝብ ምስክርነት ሰጥቷል ተባልኩ።

ዕለቱን እትዬ ዓለምጸሃይ ዘንድ ሄድኩ። ተቀመጪ ቢሉኝ አልቀመጥም አልኩ። በክፋት የሚያስወጣኝ ሰው ቢሆን ኖሮ እታገለው ነበር፤ እናንተ በርኅራኄያችሁ አስወጣችሁኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ምን እንደምል አልገባቸውም። ሲገባቸው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። እኛ እኮ ክፉ አላደረግንም፣ አደራ ተቀብለን ነው፣ አታድክሟት፣ ከሰው ጋር አትቁጠሯት ተብለን ነው አሉና ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

የማን አደራ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ወደ ገዳም የሄዱ ዕለት ሴቶቹን በር ላይ ሰብስበው ሲቆዩ ትዝ ይለኛል። እኔ ውስጥ ስንቅዎን እየቋጠርኩ ነበር፤ ሲላቀሱ እንጂ የሚባባሉትን አልሰማሁም። እርስዎም የማን እንደነበረ አይጻፉልኝ።

ባለፈው እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ነበር። መፈክሩም ዘገባውም ካለቀ በኋላ ሌላ ጉዳይ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ጓድ መርሻ ልለምነው መስሎት ገና ሳልጀምር ጉዳይሽ ያለቀ ነው፣ ስሜትሽን እንረዳለን አለኝ። እኔም ለመለመን አልመጣሁም፣ እድሬ እዚሁ ተሰብስቧልና ቅጣቴን እንዲሰጠኝ ነው የመጣሁት አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። እስኪጨርሱ ቆምኩ። ምርኩዝ ላይ ብዙ መቆም ብብት ያቆስላል፣ ግን ቁጭ ብዬ መናገር አልፈለግኩም። በጋሽ ካላዩ ለቅሶ አንድ ሳህን አላጠብኩም፣ ሌላ ሴት ብትሆን ተቀጥታለች፣ ከዚያ በፊት በነበሩትም ለቅሶዎች ሁሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ በልቻለሁ፣ እኔን የማይቀጣ እድር እኔን አያውቀኝም፣ የማያውቀኝም ስለ እኔ ምስክር ሊሆን አይችልም አልኳቸው።

ጓድ መርሻ ይህ አጀንዳ አይደለም ሲል ባለሱቁ አብዱልሃኪም ከኋላ ተነሳ። ያውቁት የለም? እድራችን ውስጥ እንደሱ የተቀጣ የለም፤ ሱቁን ከሚዘጋ ቢቀጣ ይሻለዋል። ጓድ፣ እኔ ሰውዬው ባለፈው ጉንፋን ጥሎኝ ቀብር ብቀር ቀጥተውኛል አለ። ጉንፋኔን ያልማረ እድር የእሷን እግር ምን አግብቶት ይምራል? እኔ የምቀጣው ከሰው ስለተቆጠርኩ ነው፣ እሷ ምን ሆና ነው የምትቀረው? ፒያሳ ተቀምጠን እንዲህ ፋራ እንሁን? አለ። አሁን የሳቁት በእኔ አልነበረም።

ከዚያ እትዬ ዓለምጸሃይ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ እኔን ግን አላዩኝም። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ጠላሁ። አላለቀሱም። በዚያ ድምፃቸው ስሜን ከነአባቴ ጠሩት። እኔም «አለሁ» አልኩ። በጋሽ ካላዩ ለቅሶ የጓዳ ሥራ ባለመሥራትሽ ተቀጥተሻል፣ ከእንግዲህ ተራሽ ደርሶ ብትቀሪ እጥፍ ነው አሉኝ። ወደ ጓድ መርሻ ዞረውም ልጅቷ የእድራችን አባል ናት፣ ቅጣትም አለባት፣ ዕዳ ያለበት ሰው መሸኛ እንዳይሰጠው ያላችሁን እናንተው ናችሁ፣ ወይስ ደንቡ ተለወጠ? አሉት። እንዲህ ያለ አፍ እንዳላቸው እኔም አላውቅም ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ ጉዳዩን እናጠናዋለን አለ። እስካሁን እያጠኑት ነው፣ እኔም እስካሁን ቤቴ ነኝ። ነገ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ቅጣቱን አልከፈልኩም፤ ሰው ሁሉ እያንገራገረ አይደል የሚከፍለው?

ያም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም፤ ምን ይደረግ። ሰው ለመባል መቀጣትን መለመን ነበረብኝ? ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰበረ፣ በቀረው ቆመው ጸለዩ። ማንም ምስኪን አላላቸውም። የእሳቸውን ገድል ሰምቶ የሚወጣው ሰው ግን እኔን ደጀ ሰላም ላይ ሲያየኝ ሳንቲም ይፈልጋል። በቀደም ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል አንዲት ወይዘሮ እጄ ላይ ስሙኒ አኖሩልኝ። ብመልስላቸው ተቀየሙኝ። የለበሱት ቀሚስ እኔ የሰፋሁት ነበር።

ስለዚህ እናቴ፣ ስለ እግሬ የሚሰግዱትን ስግደት ይተዉልኝ። ጉልበትዎን የጎዳው እሱ ነው። እግሬ ከልጅነቴ እንደነበረ ነው፣ አልከፋኝም። እርስዎ እሱን እያዩ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያለቅሱ፣ ከእግሬ በላይ ያለችውን ልጅዎን ሳያዩዋት እንዳይቀሩ ነው የምፈራው። ይህን ባልጽፍልዎት በወደድኩ። ግን ካልጻፍኩት ደህና ነኝ ያልኩዎት ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የመጨረሻውን ልንገርዎትና ላብቃ። ረቡዕ ዕለት እትዬ ዓለምጸሃይ ቤት ድረስ መጥተው አዲስ አባል የሚጠየቀውን ጠየቁኝ። ሰው ቢሞትብሽ ድንኳን የምናቆምልሽ ለማን ለማን ነው አሉኝ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እርስዎን አስመዘገብኩ። መነኩሲት ናቸው፣ ገዳሙ ይቀብራቸዋል አሉኝ። ይቅበራቸው፣ እዚህ ግን እናቴ ናቸው፣ በእኔ ስም ይያዙልኝ አልኳቸው። ስለዚህ ከረቡዕ ጀምሮ በእኔ ስር ነዎት። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ፣ ቀኑ ሲደርስ ሰፈሩ በእኔ ስም ይጠራል፣ የቀረም ይቀጣል። ያን ቀን ብቻ እኔ ጓዳ አልገባም። ሐዘንተኛ አይሠራምና።

የጻድቁ ረድኤት አይለይዎት። ብርዱን ያቅልልልዎት፣ እንቅልፉን ያጣፍጥልዎት፣ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። በጸሎትዎ ሲያስቡኝ በስሜ ይጥሩኝ።

ልጅዎ